እንዶድ የገባበት ቤት

ግቢ ያለ ውኃ ይከርማል፣ ያለ መብራትም ይከርማል፤ ያለ አንድ መርዝ አዋቂ ግን ውሎ አያድርም። ቡራዩ ሂዱ፣ ሰበታ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ፤ የያዛችሁትን ዕቃ ተቀብሎ፣ ገልብጦ ጀርባውን አንብቦ፣ «ይሄ መርዝ ነው» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው አታጡም። ሌላው ሰው መርዝ አዋቂውን በር ላይ ሰላም ብሎ ያልፋል። ሀብተወልድ ግን አግብቷታል።

ባለቤቱ የወይንሐረግ ቡራዩ ባለው ግቢያቸው የምትታወቀው «ክብርት ጤና ጥበቃ» በሚል ማዕረግ ነው። ማዕረጉን የሰጠቻት ጎረቤታቸው አሪጅ ናት። ክብርትነቷ ስሙን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም የዘገየ ሹመት አድርጋ የተቀበለችው ይመስላል። ነገሩ የጀመረው ቀበሌ ውስጥ በተሰጠ የግማሽ ቀን የጤና ሥልጠና ላይ ነው። የሄደችው ለሻዩና ለብስኩቱ ነበር። ስትመለስ ግን ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የዱቄት ሳሙናውን፣ በረኪናውን፣ ያንን አበባ አበባ የሚሸት የልብስ ማለስለሻ ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች። አሪጅ «ኧረ ለእኔ ስጪኝ!» ብትላት፣ «ለጎረቤት መርዝ አይሰጥም» አለችና ሁሉንም ሽንት ቤት ደፋችው። በዚያ ሳምንት ከግቢው ሽቶ ሽቶ የሚለው ሽንት ቤቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ሆነ። እንዶዱን ከሱሉልታ እያመጣች የምትሸጥላት ገለቴ ደግ ሴት ናትና በመጀመሪያው ቀን፣ «አንዶዴ፣ እንዶዱ ማለቴ፣ ጥሩ ነው፤ ግን እጣቢውን ወንዝ ውስጥ እንዳትደፊ፣ ዓሣ ይጨርሳል» ብላ መከረቻት።

«እኔ ዓሣ አላገባሁም!» አለች የወይንሐረግ።

ሀብተወልድ ፌስታሉን ተሸክሞ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

እንዶድ ሲወቀጥ አቧራው አፍንጫ አይምርም። ሙቀጫው በወጣ ቁጥር ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል፤ የአሪጅ ዶሮዎች ሳይቀሩ። ክብርት ጤና ጥበቃ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው እየወቀጠች፣ «አያችሁ ተፈጥሮን! ኬሚካል የሚባል የለበትም» ትላለች። «ይማርሽ» የሚላት አይገኝም፤ ሁሉም የራሱን እያስነጠሰ ነው።

በገዛ ልብሷ ብትወሰን ምን ነበረበት? ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ ሐዘንተኛዋን አሮጊት አቅፋ ከልቧ ታለቅሳለች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ነጠላቸውን ታሸትና በጆሯቸው፣ «እማማ፣ ይሄን በምንድን ነው ያጠቡት?» ትላለች። አራስ ልትጠይቅ ከሄደች ገንፎው ሳይቀርብ የሕፃኑን ልብስ በአፍንጫዋ ትፈትሻለች። አስኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የአንዲት ልጅ ሹራብ ማለስለሻ ማለስለሻ ሸቷት መስኮት አስከፍታ፣ በክረምት ዝናብ ተሳፋሪው ሁሉ በስብሶ ወርዷል። የሚከራከራት ከተገኘ መልሷ አንድ ነው። «ልብሱ ሲነጣ ሳንባው ይጠቁራል!»

ሀብተወልድ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር። ያልቻለው የሸሚዙን ነገር ነው። መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነው፤ አስተናጋጅ ደግሞ ሌላ ባይኖረው ነጭ ሸሚዝ አለው። እንዶድ ለነጠላና ለጋቢ ወደር የለውም፤ ፀሐይ ካገኘ። ጊዜው ግን ሐምሌ ነው። ቡራዩ ላይ ፀሐይ ከታየች ሰነባብታለች። ሸሚዙ እየታጠበ፣ በደንብ ሳይደርቅ እየተተኮሰ፣ ቀስ በቀስ የአብሽ መልክ ያዘ።

አለቃው ማርቆስ አንድ ቀን ወደ ጎን ጠራው። ሆቴሉ ያሠራው አዲስ አዳራሽ እሁድ ይመረቃል፤ ኃላፊም ይሾምለታል። ሀብተወልድ ትሪ ተሸክሞ ጉልበቱ እስኪዝል የጠበቀው ይህንን ነበር።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ሥራህን አውቃለሁ» አለው ማርቆስ። «አዳራሹን ላንተ ነው ያሰብኩት። ግን ይሄ ሸሚዝ ምንድን ነው? እሁድ የሆቴሉ ባለቤት ራሳቸው ይመጣሉ። በነጭ ከመጣህ አዳራሹ ያንተ ነው። እንዲህ ሆነህ ከመጣህ ግን አፌን ሞልቼ አልከራከርልህም።»

አዲስ እንዳይገዛ ኪሱ ላይ የሆቴሉ ምልክት የተጠለፈበት ሸሚዝ ገበያ ላይ አይገኝም። ሚስቱን እንዳይለምን መልሷን በቃሉ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት የወይንሐረግ እድር ስብሰባ ሄደች። የእድር ስብሰባ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይታወቅም፤ ሀብተወልድም ይህንኑ ተማምኖ ሱቅ ወርዶ በረኪና አስቀዳ። እንደ ሰፈሩ ልማድ በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ቀዱለት። ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ሳፋ ውስጥ ነከረ። በቀኙ የሚጠጣው ውኃ፣ ከውኃው አጠገብ የተረፈው በረኪና፤ ፕላስቲካቸው አንድ ዓይነት ነው። ኮሌታውን ፈተግ ፈተግ ሲያደርገው ነጣ። ኧረ በረዶ መሰለ! ደስታው ሌላ ነበር። ምሳ የበላው ሽሮ ጨው በዝቶበት ኖሮ ጉሮሮው ደርቋል፤ ዓይኑን ከሸሚዙ ሳይነቅል እጁን ሰደደ፣ ከፈተ፣ ወደ አፉ አስጠጋ።

የእድሩ ስብሰባ ግን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ገና በጊዜ ተበትኖ ነበር።

«ሀብቴ!»

ጃንጥላ ተወርውሮ መጣ። ፕላስቲኩን መታው፤ በረኪናው ደረቱ ላይ ተደፋ፣ ከንፈሩን ብቻ ነካው። የወይንሐረግ ገና የውጭውን በር ስትከፍት ሸቷታል። ሰፈሩ ሲስቅበት የኖረው ያ አፍንጫ ነው እንግዲህ!

ጎረቤት ተሰበሰበ። አሪጅ ወተት ይዛ ሮጣ መጣች፤ ሌላው ጥሬ እንቁላል ይጠጣ አለ።

«ማንም ምንም እንዳያጠጣው!» ብላ ጮኸች ክብርት ጤና ጥበቃ። «አፉን ይጉመጥመጥና ይትፋ! ልብሱን አውልቁለት!» ደጋግማ አስጉመጠመጠችው፣ ደረቱን በብዙ ውኃ አጠበችው።

ደህና መሆኑ ታይቶ ሰው ሲበተን ሀብተወልድ አንገቱን ደፍቶ የሚስቱን ንግግር ጠበቀ። ንግግሩ አልመጣም። የወይንሐረግ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም።

«እኔ የልብስ ነገር አሳስቦኝ መሰለህ?» አለች በመጨረሻ። «አምና በበረኪና ባጠብኩ ቁጥር ሳልህ ይብስብህ ነበር። ሥልጠናው ላይ ሴትዮዋ ስለ ሳንባ ስታወራ የሰማሁት ያንተን ሳል ነው። ላንተ ብነግርህ ደግሞ ‹እኔ ምንም አልሆንኩም› ትላለህ። ሌላ ምን ላድርግ? ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ።»

ሀብተወልድ፣ «አዳራሹ ይቅርብኝ፤ ነገ የድሮውን ሸሚዜን ለብሼ እሄዳለሁ» አለ።

«የቱን የድሮ ሸሚዝ? ያለህ ይሄ ነው! አዳራሹም አይቀርም!» አለችና ተነሳች። «ራቅ በል ከዚህ!»

ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ያንን ጠላቷን፣ ያንን በረኪና የጠጣ ሸሚዝ፣ ሽታው እስኪጠፋ በገዛ እጇ አለቀለቀችው። ስትጨርስ የምታስለው እሷ ነበረች።

እሁድ ሸሚዙ ዓይን ይወጋ ነበር። ምርቃቱ አማረ፣ የሆቴሉ ባለቤት ተደሰቱ፣ አዳራሹ ለሀብተወልድ ተሰጠ። ማርቆስ እጁን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ ካለው በኋላ ጠጋ ብሎ ኮሌታውን ዳበሰ። የእሱም ሚስት በዚህ ክረምት ነጭ ልብስ እምቢ ብሏት ተማርራለች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በምንድን ነው ያነጣችሁት?»

ሀብተወልድ በዚያ ሆቴል በሠራበት ዘመን ሁሉ ለአለቃ ዋሽቶ አያውቅም። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«በእንዶድ» አለ።