ጋሼ የግርጌ ማስታወሻ እና አተር የምታህል ጄል

በየቤተሰቡ አንድ ወረቀት አንባቢ አይጠፋም። ወረቀት ሲባል ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ አይደለም። ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ስምንት ቦታ ታጥፎ የሚወጣውን፣ ጉንዳን የጻፈው የሚመስለውን ወረቀት ነው። ሌላው ሰው እሱን ጥሎ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ወረቀቱን ይዘው ወንበር ይስባሉ።

የዚህ ወገን አለቃ ጋሼ ናቸው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ቤተሰቡ በሌሉበት «ክቡር የግርጌ ማስታወሻ» ይላቸዋል። አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሦስት ቀን ከነካርቶኑ ሳሎን መሃል የተቀመጠው መመሪያው ከገጽ አሥራ ሦስት ወደ ገጽ አሥራ አምስት ስለዘለለባቸው ነው። ቤተሰቡ ልብሱን በእጁ ሲያጥብ፣ ክቡርነታቸው ገጽ አሥራ አራትን ፍለጋ ሱቁ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ሊፍት ሲገቡ ስንት ሰው እንደሚጭን ያነቡና የገባውን ይቆጥራሉ፤ አንድ ሰው ከበዛ ወራጁ ግን እሳቸው አይደሉም። ማንኛውንም ዕቃ ብታሳዩዋቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አውርደው የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ «ታች ደግሞ ምን ይላል?»

አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ታች ምን እንደሚል ግድ የላትም። ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሰው ፊት ታጸዳለች። የሙሽራውን ብጉር፣ የተመራቂዋን ጠባሳ በአንድ ጠቅታ ድራሹን ታጠፋዋለች። የራሷ ፊት ግን ጠቅ ቢያደርጉት አይሰማም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ተከራይ ሆኖ የገባው ብጉር ይኸው በሃያ አራት ዓመቷ ባለቤት ነኝ ብሏል።

ነገሩን ያጣደፈው የፎቶ ቤቱ ጌታ ነው። «በአዲሱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው የራሳችን ሠራተኞች ፊት ነው፤ በወር ውስጥ ተዘጋጁ» ብሎ አወጀ። ልጅቷ በማግስቱ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ሬቲኖይድ የተባለ የብጉር ጄል አዘዘችላትና አሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳቻት። ከአሥሩ ደቂቃ ልጅቷ የሰማችው አንድ ቃል ነው፦ «ይጠፋል።»

ከዚያ የራሷን ስሌት ሠራች። ጥቂት ጥቂት ተቀብተውት በሦስት ወር የሚጠፋ ከሆነ፣ ጠዋትና ማታ አብዝተው ቢቀቡት በሁለት ሳምንት የማይጠፋበት ምን ምክንያት አለ? ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው ለደፈችው። እንዲፈጥን ብላም ሻካራ የፊት መፈተጊያ ጨመረችበት። በአምስተኛው ቀን ጉንጯ ቲማቲም መሰለ፤ አገጯ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ተላላጠ። ስትስቅ ያቃጥላታል፤ ስትኮሳተር ደንበኛ ይሸሻል።

«ፀሐይ መትቶኝ ነው» አለቻቸው ለጋሼ።

«ፀሐይማ ለሁላችንም ነው የወጣችው» አሉና በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ሄዱ። የተጨማደደውን ወረቀት አውጥተው በመዳፋቸው ተኮሱት። ገና ሳያነቡት በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስገቡበት።

«በቀን ስንቴ ነው የምትቀቢው?»

«ጠዋትና ማታ።»

«ማታ ብቻ ነው የሚለው። ያውም ለጀማሪ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ። ምን ያህል ነው የምትቀቢው?»

የጣቷን ግማሽ አሳየቻቸው።

«አተር የምታህል ይላል፤ ለፊት በሙሉ።»

«ኧረ ጋሼ! አተርማ ለአፍንጫዬም አትበቃ!»

«የአፍንጫሽ ጥግ ጭራሽ አይነካም። ዓይን ዙሪያና ከንፈርም እንደዚያው። መፈተጊያስ ትጠቀሚያለሽ?»

ዝም አለች።

«ዝምታሽ ተመዝግቧል» አሉና ስልኩን አቀበሏት። «በይ ደውዪ። እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።»

ከክሊኒኩ የተነገራት ቁርጥ ያለ ነው። ፊቷ እስኪረጋ ጄሉን ታቁም፤ መፈተጊያውን ትጣለው፤ ሽታ የሌለው ለስላሳ ቅባት ብቻ ትጠቀም። ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ ማታ፣ ፊቷን ታጥባ በደንብ ሲደርቅ፣ አተር የምታህል። ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ። መጀመሪያ ሰሞን ብጉሩ ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጥ። ለውጡ የሚታየው በሦስት ወር ገደማ ነው።

«ሦስት ወር!» ብላ ሶፋው ላይ ወደቀች። ጋሼ ሦስቱን ወር ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ይከብቡ ጀመር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ፊቷ ረግቶ ጄሉን በሥርዓቱ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ጋሼ ፎቶ ቤቱ ድረስ ከች አሉ። በአንድ እጃቸው መታጠቢያው ላይ ረስታው የወጣችውን የፀሐይ መከላከያ፣ በሌላው ያንኑ ወረቀት ይዘዋል። አምስት ሰው ለጉርድ ፎቶ ወረፋ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ...» አለች ልጅቷ።

ማን ሊሰማት! ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦ «ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ይህን መድኃኒት መጠቀም የለባትም...»

የካሜራው መብራት ቦግ አለ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን እንደጨፈነ ተነሳ። ፎቶ አንሺዋ፣ የልጅቷ የልብ ጓደኛ፣ ካሜራውን አስቀምጣ ወደ ኮምፒውተሩ መጣች። አገጯ ላይ ሰሞኑን ብጉር ወጥቶባት፣ ልጅቷ ጠዋት ከጄሏ ላይ ቆንጥራ በትንሽ ብልቃጥ ሰጥታት ነበር። ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊት ለፊቷ አኖረችው።

«አልነካሁትም» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ማታ ልጀምር ነበር። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሁለት ወር ሆኖኛል። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ጊዜ ለሁሉ አውርቼ... አልቆየልኝም።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ ራሷ ሳበችው። ይህን በደግነት የሰጠችው የራሷ እጅ ነው። የጓደኛዋን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ወረፋ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን ያሰግጉ ጀመር። ጋሼ አንድ እርምጃ ተኩል ርቀት ላይ ቆመዋል፤ ጆሯቸው ደግሞ ከዓይናቸው አያንስም። አሁን ጠየቁ፣ አሁን ታች ምን ይላል አሉ ብላ ስትሳቀቅ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ጮሁ።

«ከሃያ አምስት ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ይቀመጥ! ከእናንተ ውስጥ የቤቱን ሙቀት የሚለካ ማን አለ? አንተ፣ ባለ ክራቫቱ?»

አምስቱም ሰዎች ወደሳቸው ዞሩ።

«አባቴ፣ እኛ የመጣነው ለጉርድ ፎቶ ነው!» አለ ባለ ክራቫቱ።

«ስለዚህ አትለካም ማለት ነው! እሺ፣ ከጎንህ ያለችውስ?»

ሕዝቡ እሳቸው ላይ ሲያጉረመርም፣ ፎቶ አንሺዋ ዓይኗን ጠርጋ ካሜራዋ ጋ ደረሰች።

ማታ ጋሼ ሊወስዷት ተመልሰው መጥተው ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ አላስችል አላት። «ጋሼ፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ምኑን?»

«የጓደኛዬን ነገር።»

«እኔ ያልተጻፈ ነገር አላነብም» አሏትና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ሰሌዳው በቀጠሮው ተሰቀለ። እዚያ ላይ የልጅቷ ብጉር በጠቅታ ጠፋ፤ እውነተኛው ፊቷ ፎቶውን የደረሰበት ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ፎቶ አንሺዋ ቀሚሷ ጠቧት፣ ፊቷ በርቶ፣ የምሥራቹን ልታሰማ ቤታቸው መጣች። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እንዴ! እውነትሽን ነው? እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! እኔ እኮ ጭራሽ አልጠረጠርኩም!»

ልጅቷ እንዲህ ያለ የተዋጣለት ውሸታም አጎት እንዳላት ያወቀችው ያን ቀን ነው።