ቶሎ የመጣ እሺ

ወላጅ ቶሎ እሺ ሲል ጠርጥሩ። የሐበሻ ወላጅ እሺ የምትለዋን ቃል እንዲህ በዋዛ ከአፉ አያወጣትም። መጀመሪያ "አይሆንም" ይላል፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይሰማ። ከዚያ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ማን ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ የእነማን ልጆች እንደሆኑ፣ እዚያ ምን እንደሚበላ፣ ሲመሽ ማን እንደሚመልስ አንድ በአንድ ያጣራና አሁንም "አይሆንም" ይላል። ልጅ ያኮርፋል፣ እራት አልበላም ይላል። በመጨረሻ ጉዳዩ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ወላጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "እንግዲህ እንደፈለግሽ" ይላል። በኛ ቤት እሺ ማለት ይቺ ናት። ከዚህ ባነሰ ልፋት የተገኘ እሺ ካጋጠማችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። እኔ አላሰብኩም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬና እኔ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ በቆመ ቤት ላይኛው ፎቅ እንኖር ነበር። እማዬ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ጠዋት በትራም ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ እግሯ አብጦ ትመለሳለች። ከበታቻችን ያሉት ጎረቤቶች ከደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም የመጡ፣ ዘራቸው ከሕንድ የሆነ ሂንዱዎች ናቸው፤ ጓደኛዬ ሱኒታ፣ አባቷና እናቷ፣ ደግሞም ሰፈሩ ሁሉ አጂ የሚላቸው አያቷ። አጂ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

አባባ ግን አዲስ አበባ እስር ቤት ነበር። ደርግ ሲወስደው እኔ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሱ የቀረን ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመች አንዲት የስቱዲዮ ፎቶ ናት። ክራቫት አድርጓል፤ ፎቶ አንሺው "ወደዚያ እይ" ብሎት መሰለኝ ወደ ጎን ያያል። ሳሎናችን ውስጥ የትም ብትቀመጡ አባባ እናንተን አያይም። እኔ ሁሉንም ወንበር ሞክሬዋለሁ። ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር "ወሬ አለ?" እላለሁ፤ እማዬ "እግዜር ያውቃል" ትለኛለች። ሲፈታ አልጋው በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚሆን እንኳን ወስኜ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አባባ ያንን ክፉ ደረጃ እያለከለከ ሲወጣ መስማት።

ነሐሴ ገባ፤ በኛ ክረምት፣ በነሱ በጋ። የነሱኒታ ቤተ መቅደስ ሰዎች ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ለልጆች መንፈሳዊ ካምፕ ያዘጋጃሉ። ሱኒታ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ነች። እኔ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንዲፈቀድልኝ ፈለግሁ። ችግሩ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ጋሽ ታፈሰ የሮተርዳም ወደብ ላይ የሚሠሩ፣ እዚያው ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የአባባ አብሮ አደግ ናቸው። ያኔ እዚህ አገር ያለነው ሐበሾች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን፣ ሽማግሌም ዳኛም የንስሐ አባትም እንደየአስፈላጊነቱ እሳቸው ይሆናሉ። ባለፈው ዓመት ከክፍሌ ልጆች ጋር ጉብኝት ልሄድ ስል "ሴት ልጅ ውጭ ታድራለች እንዴ!" ብለው ያስቀሩኝም እሳቸው ነበሩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መጥተው ከእማዬ ጋር ሲያወሩ ገባሁ። ዝም አሉ። እኔ የመጣሁት ተዘጋጅቼ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ስለነበር ክርክሬን በጾም ጀመርኩ። ሥጋ አይበሉም፣ ዓሣ አይበሉም፣ እንቁላል አይነኩም፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ አልኩ በአንድ ትንፋሽ። ከኛ ምን ቀራቸው?

ጋሽ ታፈሰ እማዬን አዩ። እማዬ ጋሽ ታፈሰን አየች።

"ቀኑ መቼ ነው?" አለች እማዬ።

"ቅዳሜ። የሱኒታ አባት ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰኛል።"

"ትሂድ እንጂ" አሉ ጋሽ ታፈሰ። "ልጅ አይደለች? ትንሽ አየር ትቀይር።"

"አንተ ነህ ይህን የምትለው?" አልኳቸው። ሆላንድ ያሳደገው ምላስ ነው፤ እርስዎ የምትባል ቃል አፌ ውስጥ አታድርም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚያች አንተ ብቻ ግማሽ ሰዓት እመከር ነበር። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉኝ። እማዬም የቤት ውስጥ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደ ማድቤት ገባች። ከፋሲካ ወዲህ ሻሿን አታወልቅም፤ "የሆቴሉ ሳሙና ፀጉሬን በላው" ብላኛለች። አያችሁ? ይህን ሁሉ ዓይኔ እያየ፣ እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ለሱኒታ ልነግራት ወረድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ በር ላይ ማተቤን አስተካከለችልኝ። ለጣዖት እንዳትሰግጂ እንኳን አላለችኝም። "ደህና ተጫወቺ፤ ለመመለስ አትቸኩዪ" አለችኝ። እማዬ! አትቸኩዪ!

እርሻው ጠፍጣፋ ነው፤ ሆላንድ ውስጥ ሌላ ዓይነት እርሻ የለም። ሣር፣ የውኃ ቦይ፣ ጥቁርና ነጭ ላሞች፣ ነፋስ። ድርቆሽ የሚከተትበት ቤት ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት ጸሎት ቤት ሆኗል። ልጆቹን የምትመራው ሁሉም ዲዲ የሚሏት ሴት ናት፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ልጆቹ በሆላንድኛ ሲንጫጩ ይቆዩና ጸሎት ሲጀመር በማይገባቸው ቋንቋ ይዘምራሉ። ይህ አልገረመኝም፤ እኔም ከግዕዙ "አሜን" ከምትለዋ በቀር የማውቀው አልነበረም። እነሱ ጎንበስ ሲሉ እኔ ማተቤን ይዤ በተከፈተው በር ላሞቹን አያለሁ። ላሞቹም እኔን ያያሉ።

ከጸሎቱ ቀጥሎ ዝም የሚባልበት ሰዓት መጣ። እግር አጣጥፎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ሳይናገሩ መቀመጥ ነው። ልጆቹ ተቁነጠነጡ፤ ሱኒታ ሳቋ እያመለጣት ተገሠጸች። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ሰዓቱ ሲያልቅ ዲዲ አጠገቤ መጥታ "አንቺ ይህን የት ተማርሽ?" አለችኝ። የት እማር፣ ቤቴ ነዋ! እኛ ቤት ከፋሲካ ወዲህ ወሬ ጠፍቶ ነበር። እማዬ ትበላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኛለች፤ ሬዲዮኑን እንኳን አትከፍትም። ደክሟት ነው ብዬ እኔም ዝም እላለሁ።

ምሳ ሲደርስ ክርክሬ ሁሉ ፉርሽ ሆነ። ምስሩ በቅቤ ነው፣ ሩዙ በቅቤ ነው፣ ጣፋጩ በወተት ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ሁሉ ጾመኛ ይመስለን ነበር እኮ! ሳህኔን ይዤ ተገተርኩ። ምግብ የሚሠሩት አሮጊት ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤም ወተትም አልበላም አልኳቸው። "ለምን ብለሽ ነው የምትጾሚው?" አሉኝ። "አባቴ ታስሯል፤ እንዲፈታ" አልኳቸው። ጾሙ የእመቤታችን ነው፣ ልመናው ግን የራሴ ነበር። አሮጊቷ ሄደው ለብቻዬ ሩዝ ቀቀሉ፣ ዱባ በዘይት ጠበሱ፣ ከዚያ ጨርሼ እስክበላ አጠገቤ ቆመው ዝንብ እሽ አሉልኝ። የአምላካችን ስም ይለያይ እንጂ አንጀታቸው የኛው እናቶች አንጀት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አበባ እንድንሰካ ተቀመጥን። በእርሻው ዳር ብጫና ብርቱካንማ አበባ ተተክሏል፤ ሆላንዶች "ትንሹ አፍሪካዊ" ይሉታል። ልጆቹ ስሙ ሲጠራ ወደኔ ዞረው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በወፍራም መርፌ ክር ላይ እየሰካን ረጅም ጉንጉን እንሠራለን። ዲዲ "ይህ ለምናከብረው ነው፤ ለአምላክ፣ ለሙሽራ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ፣ ለእናትና ለአባት አንገት ላይ ይጠለቃል" አለችን። እውነቷን ነው፤ አልዋሸችም። አንዷ ላም እንኳን ተጠልቆላት ከጎኗ ያለችው ትበላላት ነበር።

እኔ ግን እጄ ቆመ። የነሱኒታ ሳሎን ትዝ አለኝ። ግድግዳው ላይ የአጂ ባል ትልቅ ፎቶ አለ፤ እንዲህ ያለ አበባ አንገታቸው ላይ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ያንን ሁልጊዜ ሳይ እንዴት ያሉ የተከበሩ ሰው ናቸው እል ነበር። የኔ አባባ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ባዶ አንገቱን ቴሌቪዥን ላይ ቆሟል፤ አንድ ያከበረው ሰው የለም። አለቀስኩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ግን አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የሰካሁትን ፈታሁና ከሁሉ የደመቁትን አበቦች መርጬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ዲዲን "አባቴ ያለው ሩቅ ነው፤ እስኪመጣ ይደርቃል?" ብዬ ጠየቅኋት። "ይደርቃል፤ ግድ የለም፣ ሲመጣ ሌላ ትሠሪለታለሽ" አለችኝ። ፎቶው ላይ እንደማጠልቀው አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ስመለስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ደረጃው ሥር የማላውቃቸው ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። ላይ ስወጣ ቤቱ ተጠርጓል፣ ሶፋው ቦታውን ለቋል፣ እማዬ የለችም። አጂ ከታች ሆነው "ሰው ልትሸኝ ወጥታ ነው፣ አሁን ትመጣለች" አሉኝ። እንደውም ጥሩ አልኩ በልቤ፣ ሳታየኝ ላስደንቃት። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩትን አበባ አወጣሁና አባባ ፎቶ ላይ አጠለቅሁት። ጉንጉኑ ረጅም፣ ፎቶው ትንሽ ስለነበር ሁለት ጊዜ ማጠፍ ነበረብኝ። አባባ አማረበት። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እማዬን ጠበቅኋት።

እማዬ ስትገባ ጥቁር ለብሳ ነበር። አይቼው የማላውቀው ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ። ይህ ምንድነው ልላት አፌን ስከፍት ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። የያዘችው ቁልፍ ከእጇ ወደቀ።

"ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሂሩትዬ፣ ማን ነው የነገረሽ? ታፈሰ ነው? አጂ ናት? ጾሙ ይፈታ ብለን እኮ ነው፤ ነገ በጠዋት፣ ሰው ባለበት፣ በወጉ ልናረዳሽ ነበር እኮ! ማን ነው በልጄ ላይ እንዲህ የጨከነው?"

አበባውን አየሁ። ቀሚሷን አየሁ። ሻሿን፣ የተገፋውን ሶፋ፣ ደረጃው ሥር ያሉትን ወንበሮች አሰብኩ።

"ማንም አልነገረኝም ነበር" አልኳት።

ያኔ ገባት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ግን ጩኸቱ በጣቶቿ መሐል አመለጠ። አጂ ያለ ጫማ እየተደገፉ ያን ደረጃ ወጡ። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፉን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአባባ ሞት ለእማዬ የተነገራት በፋሲካ ሰሞን ነው። ለኔ ግን ፈተናዋ ይለፍ፣ ከዚያ ትንሽ ትረፍ፣ ከዚያ ጾሙ ይፈታ እየተባለ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እማዬ ፀጉሯን ተቆርጣ በሻሽ ሸፈነችው፤ ጥቁሯን ሆቴሉ ውስጥ ትለብስና ወደኔ ስትመጣ ቀይ ሹራቧን ታጠልቃለች። ያቺ ቅዳሜ፣ እኔ ከላሞች ጋር ስተያይ የዋልኩባት፣ እማዬ በገዛ ቤቷ ድምፅ አውጥታ ባሏን እንድታለቅስ የተሰጠቻት አንዲት ቀን ነበረች። እሺው ቶሎ የመጣው ለዚህ ነው። መርዶው የደረሳት ዕለት አጂ ጋ ወርዳ ስታነባ፣ የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሁለት ሴቶች ምን ይባባሉ፣ አጂ እጇን ይዘው ወደ ባላቸው ፎቶ ወሰዷት። አበባውን አሳዩዋት፣ ከዚያ የራሳቸውን ደረት መቱ። ሂንዱዎች በሕይወት ላለ ሰው አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል፤ ፎቶው ላይ የሚያጠልቁት ለሞተ ነው። እማዬ ይህን ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ከዚያ ሕንጻ ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባቴን መርዶ አበባ መርጬ በእጄ ሰክቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ለራሴ ይዤ መጣሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ታፈሰ ከሮተርዳም ሰዎች አስከትለው መጡ። ከፋሲካ ጀምሮ ለኔ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ የከረሙ ሰው ናቸው። ፎቶውን ቆመው አዩና ፊቴ ተቀመጡ።

"አውቃለሁ እኮ" አልኳቸው።

"ማወቅሽን ነግረውኛል። ግን ሰው አልነገረሽም፤ አባትሽ ደግሞ ሰው ነበረው።"

"እሺ፣ ይንገሩኝ ጋሽዬ" አልኳቸው። ነገሩኝ፤ ከልጅነታቸው ጀምረው፣ አብረው የተማሩበትን፣ አብረው የሳቁበትን፣ የመጨረሻውን። ማታ ያልመጣው እንባዬ ያኔ መጣ።

አበባውን እማዬ እስኪረግፍ አላነሣችውም።

አሁን የራሴ ልጅ ዐሥራ አራት ሞላት። ሰሞኑን "ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አምስተርዳም ውዬ ልምጣ" አለችኝ። ምንም የሚያሳስብ ነገር የለውም፤ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፣ ባቡሩን አውቀዋለሁ፣ እሺ የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። "አይሆንም" አልኳት። ማን ማን እንደሚሄድ፣ የእነማን ልጆች እንደሆኑ፣ ምን እንደሚበሉ ጠየቅኋት። በሆላንድኛ አጉረመረመች፣ በሯን ድርግም አድርጋ ዘጋች፣ እራት አልበላም አለች። እኔ ማድቤት ቁጭ ብዬ ኩርፊያዋን ሰማሁ፤ ልቤ ረጋ። ይህች ልጅ ቤቷ ሰላም መሆኑን፣ የደበቅንባት መርዶ አለመኖሩን ትወቅ። እሺዋን ሐሙስ እሰጣታለሁ።