ማይክ የማይመልሱት ክቡር ነጎድጓድ

በዚህ ዓለም ላይ ማይክ የሚጨብጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚመልሱና የማይመልሱ። የማይመልሱትን ታውቋቸዋላችሁ። በየሠርጉ፣ በየምረቃው፣ በየስብሰባው ቢያንስ አንድ አይጠፋም። «አንዲት ነገር ብቻ ተናግሬ ልውረድ» ብሎ ይነሳል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰውም ነገሩ ገብቶት ጫማውን በድብቅ ማውለቅ ይጀምራል።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ የሮክ ዘፋኙ ክቡር ነጎድጓድ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያሰጠኝ ድምፄ ነው ይላሉ እሳቸው። ባንዱ ግን አንዴ ከጀመሩ መቼ እንደሚያባሩ ስለማይታወቅ ነው ባይ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የባንዱ ከበሮ መቺ፣ ድራመሯ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ከኋላቸው ተቀምጣ ስትመታ ከፊታቸው ይልቅ ማጅራታቸውን ለምዳለች። ማጅራቱ ጎንበስ ካለ ዘፈን ነው፤ ቀና ካለ ጉድ ፈላ፣ ንግግር ሊመጣ ነው። በገዛ ሠርጓ ላይ «ሙሽሮቹን በአንዲት ቃል ልመርቅ» ብለው ተነሱና ስለ መጀመሪያ ጫማቸው፣ ስለ ጉሮሯቸውና ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አውርተው ሲያበቁ የሙሽራውን ስም ረሱት። ሌላ ዘፋኝ የተሸለመውን ሽልማት «እሱ ስላልተመቸው እኔ ልቀበልለት» ብለው ወጥተው የራሳቸውን እናት አመስግነው ወርደዋል። አንድ ጊዜማ የማይኩ ባትሪ አልቆ እሳቸው አላወቁም ነበር። ሕዝቡ ግን አውቆ አጨበጨበ።

ድራመሯ በመጨረሻ መላ አበጀች። ንግግሩ ሲረዝም የከበሮ መምቻ ስቲኮቿን አራት ጊዜ ታጋጫለች፣ ባንዱ በቀጥታ ወደ ዘፈን ይገባል፣ እሳቸውም ወደዱም ጠሉ ይዘፍናሉ። ይህቺ ዘዴ በባንዱ ዘንድ «መቀስ» ትባላለች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ የባንዱ ጊታሪስት ኩላሊቱን ታመመ። ክቡርነታቸው ሊጠይቁት ሆስፒታል ሄዱ፤ ማይክ ቢያጡ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጨብጠው በክፍሉ ለተኙት በሙሉ የማጽናኛ ንግግር አደረጉ። ነርሷ መጥታ «አባቴ፣ ሰዎቹ ትንሽ ይረፉበት» ብላ በትሕትና አስወጣቻቸው።

ከዚያ ወጥተው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በየደጁ እየዞሩ አዳራሽ ለመኑ፣ የድምፅ ባለሙያውን በልመና አሰለቹት፤ ለጓደኛቸው መታከሚያ የሚውል ኮንሰርት ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሆን ተቆረጠ። ጊታሪስቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማን ያውቃል? አንዲት ዘፈን ሰው ፊት ልጫወት።»

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የፊተኛው ረድፍ ወንበሩን ትቶ ቆሟል፣ ክቡር ነጎድጓድ በዚያ ዕድሜያቸው ከድምፅ ማጉያ ላይ ይዘላሉ። ድራመሯ ደስታው ልቧን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የመታችው!

ጊታሪስቱ ግን የለም። የኩላሊት እጥበቱ ዘግይቷል። የተለማመዱት ዘፈን አለቀ፣ የደገሙትም አለቀ፣ የክቡርነታቸው ጉሮሮም አብሮ አለቀ። ሰው ቦርሳውን እያነሳ ወደ በሩ ማየት ጀመረ። ያኔ የድራመሯ ስልክ ጠራ፤ የጊታሪስቱ ሚስት ናት።

«አሁን ከማሽኑ ተነሳ፣ መኪና ውስጥ ነን! መንገዱ ግን ተጨናንቋል። በእናትሽ ሰው እንዳይበተን!»

ክቡር ነጎድጓድ ዞር ብለው አዩአት። «ምን ላድርግ? ድምፄ እኮ ተዘግቷል» አሏት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያሉ።

«አውራ!»

«ምን?»

«አውራ ነው የምልህ! እስኪበቃህ አውራ!»

እንዲህ ያለ ፈቃድ ከተወለዱ ጀምሮ አግኝተው አያውቁም። ማጅራታቸው ቀና አለ።

«አንዲት ነገር ብቻ!» አሉ። ጊታሪስቱን መጀመሪያ ያገኙት ጎረቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ሳለ፣ ጩኸታችሁ አላሠራ አለኝ ብሎ ሊጣላ መጥቶ እንደነበር ተረኩ። ሊጣላ መጥቶ፣ የጊታሩ ክር መላላቱን ሰምቶ፣ አጥብቆላቸው፣ እዚያው ቀረ። በሩ ጋ የደረሰው ሰው ሳቀና ተመለሰ። ከዚያ ሌላ ታሪክ፣ ከዚያ ሌላ። ድራመሯ እጇ ለምዶባት እንዳታጋጫቸው ስቲኮቿን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

ጊታሪስቱ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ በኋላ በር ሲገባ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ጊታሩን አቀፈ፣ ጀመረ። ጣቶቹ ያው ናቸው! ድራመሯ ቀስ ብላ ተከተለችው። ጊታሩ ብቻውን የሚሰማበት ሶሎ ላይ ሲደርስ ግን ጣቶቹ ከዱት። አንዴ ሳተ፣ እንደገና ሞከረ፣ ቆመ። እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ መሬት መሬቱን አየ።

በዚህ ጊዜ ማይኩ ውስጥ አንድ የተቀደደ ድምፅ ተሰማ። «ዊዊ... ዊያው... ዊዊዊ...» ክቡር ነጎድጓድ ናቸው። ሶሎውን በአፋቸው ይጫወታሉ! ጣታቸው ሆዳቸው ላይ እየሮጠ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያንዳንዷን ድምፅ በየቦታዋ ያስቀምጣሉ። ድራመሯ ደነገጠች። ሶሎ ሲመጣ ውኃ እየጠጡ ለሕዝቡ እጅ ሲያውለበልቡ ነው የምታውቃቸው። እኒህ ከራሳቸው በቀር ማንንም የማይሰሙ የመሰሏት ሰውዬ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ጓደኛቸውን ሲሰሙት ኖረዋል። እንባዋ ስኔር ከበሮዋ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ወደደቻቸው፣ መውደዷንም ያን ጊዜ አወቀች።

አዳራሹ በሙሉ ተቀብሎ «ዊዊ» ይል ጀመር። ጊታሪስቱ ቀና አለ፣ ሳቀ፣ ትንፋሹን ሰበሰበና ካቆሙለት ቦታ ተቀብሏቸው እስከ መጨረሻው ወሰደው።

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ «መሐል ላይ አበላሽተኸዋል» አላቸው።

«ታዲያ ድነህ ናና አርመኛ!» ብለው ጮኹ ክቡር ነጎድጓድ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው።