ለምስልና ለድምፅ ብቻ

ለእርሱ ትናንትና ነገ አንድ የሆኑለት፣ ቃሉ ከሥራው ለቅጽበት ስንኳ ዘግይቶ የማያውቅ እግዚአብሔር፣ ይህ ነገር ከመሆኑ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። እኛ ግን የምናውቀው ከሆነ በኋላ ነውና፣ ባየነውና በሰማነው መጠን እንተርከዋለን።

ከሞላሌ ወዲያ፣ ጓሳን ከበላይዋ ገደሉን ከበታችዋ አድርጋ የተቀመጠች፣ ለክብሯ ስንል ስሟን የማንጠራት አንዲት ከተማ ነበረች። ዘመኑም ልማት በሪፖርት ላይ እንደ ገብስ ተዘርቶ በዚያው ዕለት የሚታጨድበት ብሩክ ዘመን ነበር።

ከተማዪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት አቶ ቢያድግልኝ እጅግ ፈጣን ሰው ነበሩ። ከፍጥነታቸው የተነሣ ሥራን ከመጀመሩ በፊት ያጠናቅቁት ነበር። ከከተማዪቱ በታች የሚያልፈው ወንዝ ድልድይም በዚሁ ፍጥነት በሪፖርት ተጠናቆ፣ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለታል። በወንዙ ላይ ይታዩ የነበሩት ግን ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ብቻ ናቸው። እነርሱም እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች በግራና በቀኝ ቆመው ዝም ብለው ይተያያሉ።

ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ፣ በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ ሁሉ ዳር ላይ ተቀምጦ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። በገብስና በበግ የሚተዳደሩት ወይዘሮ አማከለች ይህን ለዓመታት አይተዋል። በዚያ ጥቅምት ልጃቸው ትሕትና የመጀመሪያ ልጇን ፀነሰች። መውለጃዋም ሐምሌ ላይ የሚውል ሆነ። ሐምሌ ደግሞ ወንዙ ማንንም የማይሰማበት ወር ነው። ስለዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አቶ ቢያድግልኝ ቢሮ ሄዱ።

«ልጄ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ከክረምቱ በፊት ያንን ድልድይ ሥሩልን።»

«እትዬ አማከለች! ድልድዩ እኮ አልቋል።»

«የታለ?»

«ሪፖርቱ ውስጥ።»

«እሱ ላይ ቃሬዛ ይሻገራል?»

«አይቆጡ እንጂ። ያለቀ ሥራ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? እርስዎ ያለቀ ጋቢ እንደገና ይፈትላሉ?»

«ሳይፈተል አለቀ ካሉኝ፣ አዎን፣ እፈትላለሁ!»

አቶ ቢያድግልኝም ይህን አስተያየት በአክብሮት ተቀብለው በሩን አሳዩዋቸው።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አካል ታላቅ መልእክት መጣ። በየወረዳው የተመዘገበው ድል በቴሌፎን መስመር ተጭኖ፣ በምስልና በድምፅ፣ በቀጥታ ሥርጭት ለአገር ሊታይ ነው። ወንድምአገኝ የተባለ የመስመር ባለሙያም ካሜራውንና ሽቦውን ይዞ ደረሰ። ይህ ወጣት ማስረዳት ስለሚወድ፣ ሳይጠየቅ የሚያስረዳው ተጠይቆ ከሚያስረዳው ይበልጥ ነበር።

በሙከራው ዕለት ግን ጉድ ተገለጠ። ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ምስል ወደኋላ ይቀራል። ክቡርነታቸው የበላይ ኃላፊው ከወዲያ ሆነው፣ «አቶ ቢያድግልኝ ንግግራቸውን ከጨረሱ በኋላ አፋቸው ይከፈታል። ሕዝቡም እጁን የሚያነሣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ተነሣሽነት ይጎድለዋል!» ብለው ገሠጹ። አቶ ቢያድግልኝም ወደ ወንድምአገኝ ዞሩ።

«ይህ ነገር ምንድን ነው?»

«ድምፅ ቀላል ነዋ!» አለ ወንድምአገኝ ደስ እያለው። «በትሩን ይዞ ይገሠግሣል። ምስል ባለ ጓዝ ነው። ይቆራረጣል፣ በትንንሽ እሽግ ይታሸጋል፣ በመስመሩ ላይ ይጫናል፤ ማዶ ሲደርስ እሽጉ ተፈትቶ እንደገና ይገጣጠማል። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ወረፋ ይጠብቃል።»

«ምን ያህል ይዘገያል?»

ከደብሩ ለምክር የተጠሩት መሪጌታ ተክለጻድቅ በቴሌቪዥኑ መስታወት የክቡርነታቸውን ድምፅና ምስል ሲያነጻጽሩ ቆይተው፣ «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል፤ ያውም በችኮላ የተደገመ» አሉ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከብዙ ውይይት በኋላም ሊቃውንት ያልደረሱበት ጥበብ ተገኘ፦ ምስል የሚዘገይ ከሆነ፣ ምስል ቀድሞ ይነሣ! አቶ ቢያድግልኝ ንግግራቸውን አስቀድመው በካሴት ያስቀርጻሉ። በዕለቱ ከካሜራው ፊት ቆመው ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መሪጌታ በማኅሌት ግራና ቀኙን ሳያፋልሱ የሚያስወርቡ ሰው ናቸውና፣ በመቋሚያቸው ወለሉን ሲመቱ ከንፈር ይነሣል፤ በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሁለተኛ ሲመቱ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ካሴቱ ይከፈታል። ክቡርነታቸው ሲናገሩም ሕዝቡ የሚያጨበጭበው በመቋሚያው ምት፣ ነገሩ ከመነገሩ በፊት ይሆናል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ሙሉ ድምፅ ያልተሰማበት ልምምድም ወዲያው ተጀመረ።

በድልድዩ ተጠቃሚ የሆነች እናት ትመስክር በተባለ ጊዜ የተመረጡት ወይዘሮ አማከለች ናቸው፤ ስለ ድልድዩ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልተገኘምና። ቃሉንም ከወረቀት አነበቡላቸው።

«ይህን በአፌ አልልም» አሉ። «ነገ ከአምላኬ ፊት እቆማለሁ።»

«አይበሉት! ድምፁን ሌላ ሴት ቀርጻዋለች። እርስዎ ከንፈር ብቻ ነዎት።»

«ከንፈሬስ ያሻውን ይበል?»

«ያሻውን! ማን ሊሰማው?»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ አማከለች፤ በጣም ፈጥነው።

በሥርጭቱ ማለዳ ወንድምአገኝ እየሮጠ መጣ። «የምሥራች! አስተካከልሁት! ድምፁን ምስሉን እንዲጠብቀው አደረግሁት። አሁን አንድ ላይ ይደርሳሉ።»

አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን አስተካክል አለህ?»

«እንዴ… ችግሩ እኮ ተፈታ።»

«የጸደቀው ዕቅድ ከነችግሩ ነው! በዕቅድ ያልተያዘ መፍትሔ አንቀበልም። እንደ ነበረው መልሰው!»

ስለዚህ ሁሉም በዕቅዱ መሠረት ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ክቡርነታቸው በመስታወቱ ላይ ታዩና፣ «እንደምን ዋላችሁ? ባለፈው ዓመት በአካባቢያችሁ ከባድ የአመራር ድክመት…» ብለው ሲጀምሩ፣ መሪጌታ በዕቅዱ መሠረት መቋሚያቸውን መቱ። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ክቡርነታቸው ንግግራቸውን አቋርጠው፣ «ሂስ የሚወድ ሕዝብ ነው!» ብለው አደነቁ።

አቶ ቢያድግልኝ ተነሡ። እንደ ዓሣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ያለ አንዲት ድምፅ ቆዩ። መቋሚያው ሁለተኛ ተመታ። ካሴቱ ጀመረ። ንግግራቸው ገና ከፍጻሜው ሳይደርስ ከንፈራቸው ሥራውን ጨርሶ ተቀመጠ፤ ድምፃቸው ግን ባለቤቱን ትቶ ስለ ዕድገት መናገሩን ቀጠለ።

ከዚያ ወይዘሮ አማከለች ቀረቡ። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከወንዙ ዳር ቆመው የማዶውን ሰው ሲጣሩ የኖሩ ናቸው። ከንፈርን ከድምፅ መለየት አልተማሩም። መቋሚያው ሲመታ፣

«ድልድይ የለንም!» አሉ። መጋረጃው ተርገበገበ። «ሁለት ምሰሶ ነው ያለን! ልጄ ሐምሌ ትወልዳለች፤ በምን ትሻገር? በሪፖርት?»

ይህን ብለው አፋቸውን ገጥመው ቆሙ። መሪጌታ ጸሎታቸውን በትዕግሥት ፈጽመው መቋሚያቸውን መቱ። የሌላዪቱም ሴት ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ለተሠራልን ዘመናዊ ድልድይ ደስታችን ወሰን የለውም» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ክቡርነታቸው። «እናታችን ሲናገሩ አንድ ነገር፣ ዝም ሲሉ ሌላ ነገር ይሰማል። የትኛው ነው የሳቸው?»

አቶ ቢያድግልኝ ብድግ አሉ። ከልምምዱ ብዛት መጀመሪያ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ፤ ኋላ ድምፃቸው መጣ። «መስመሩ ነው ክቡርነትዎ! ወንዙ ጋ ሲደርስ በእንጨት ላይ ነው የሚሻገረው። ነፋስ ሲመታው ይንገዳገዳል፤ የሌላ ሰው ቃል ይቀላቀልበታል።»

«ድልድይ መርቀናል ብላችሁ የለ? በእሱ ላይ ለምን አይሻገርም?»

መሪጌታ እንኳ መቋሚያቸውን አቅፈው ቀሩ።

«ድልድዩ…» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ «ድልድዩ ለሰው ነው። ሰው በጣም ይበዛበታል። መስመሩን ይረግጡታል።»

«ታዲያ ለመስመሩ የራሱ ይሠራለት! ሰው እንደሆነ ድልድይ አለው። ምስልና ድምፅ ግን ሜዳ ላይ ቀርተዋል! ከክረምት በፊት እንዲያልቅ!»

በዚህ ጊዜ መቋሚያ ሳይመታ፣ በዕቅድ ያልተያዘ ጭብጨባ ተሰማ። የጀመሩትም ወይዘሮ አማከለች ነበሩ።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። ለመስመሩ ክብር ሲባል ብረቱ ወፍራም፣ ወለሉ ሰፊ ሆነ። ምሰሶ በተፈለገ ጊዜም ሁለት ምሰሶዎች በሥፍራው ሥራ ፈትተው ተገኙ። ወይዘሮ አማከለች አቶ ቢያድግልኝን ከዳር ቆመው አገኟቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ያ የጠየቅሁዎት አይደለም?»

«በፍጹም! እርስዎ የጠየቁት ድልድይ ነው። ይህ የመስመር ማሻገሪያ ነው። ከነአካቴው የበጀት ርዕሱ ይለያል።»

በሰኔ ሥራው ሲያልቅ «ለምስልና ለድምፅ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ገብረየሱስ የተባለ ሕግ አክባሪ ዘበኛም ቆመበት።

ሐምሌ ገባ፤ ወንዙ ሞላ። በአንድ ረፋድ ትሕትናን ምጥ ያዛት። ጎረቤት ቃሬዛውን አነሣ፤ ወይዘሮ አማከለች ከፊት ሮጡ። ገብረየሱስ ዱላውን አጋደመ።

«ክልክል ነው እትዬ። ሰሌዳውን ያንብቡ። ለምስልና ለድምፅ ብቻ።»

ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምን የሆንሁ መሰለህ? ምስል ነኝ።»

«ምስል?»

«መላ አገር ያየኝ ምስል! አንተም ከአዳራሹ አይተኸኛል።»

ገብረየሱስ አሰበ። መካድ አልቻለም። «ድምፁስ የታል?»

«ከኋላ እየመጣ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ከዳገቱ ላይ፣ ከቃሬዛው ውስጥ፣ ትሕትና ገደሉን ሁሉ ያስተጋባ ጩኸት ጮኸች። ገብረየሱስ ዱላውን አነሣ። «ደረሰ» አለ፤ «በሕጉ መሠረት እለፉ።»

ሕፃኑ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተወለደ፤ ብቅ ሲልም አለቀሰ። በዚያ መስመር ላይ ምስልና ድምፅ ሳይቀዳደሙ እኩል የደረሱት ያን ቀን ነው ይባላል።

የዓመቱ ሪፖርትም እንዲህ ሲል ተጠናቀቀ፦ «በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ለሰው የተሠራለትን ድልድይ ትቶ በመስመሩ ማሻገሪያ የመጠቀም ኋላ ቀር ልማድ ስለሚታይበት፣ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል።»

እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ ደጃችሁን እንግዳ፣ ጎተራችሁን እህል አይለየው። በቤታችሁ የሚነገረው ከሚታየው፣ የሚታየውም ከሚነገረው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ስንኳ አይዘግይ። አሜን።