የነጭ አይጦች አሳዳጊ

በየሰፈሩ አንድ ያልተሾመ ኃላፊ አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ሥራውን ግን ከተሾመው ሰው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። አንዱ የቧንቧ ውኃ ኃላፊ ይሆናል፣ ሌላው የሰው ትዳር ኃላፊ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ለእንስሳት ጠበቃ ነኝ ብሎ የተነሣው ነው። ደንበኞቹ ቀርበው «ኧረ እኛ አልወከልነውም» ሊሉት አይችሉማ።

የዘርፈሽ ዕጣ ይህኛው ሆነ። ዘርፈሽ ጅጅጋ ውስጥ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ እህል ትሸጣለች፤ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ምስር። ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው። ሁለቱም ከሱቁ ኋላ ባለው የኻድራ ግቢ ተከራይተው ስለሚኖሩ፣ ቀን ሱቅ ላይ ብታመልጠው አመሻሽ ላይ በግቢው በር ታገኘዋለች። ፊት ለፊት «ጋሼ» ትለዋለች፤ ዞር ሲል «ክቡርነታቸው»።

ክቡርነታቸው ሁለት ነጭ አይጦች ያሳድጋሉ። የእህል ነጋዴ ይህን ስትሰማ ምን እንደሚላት መገመት አያቅትም። ዘርፈሽ ግማሽ ዕድሜዋን ጆንያ ከሚቀድ አይጥ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት ናት፤ እሱ ከግድግዳው ማዶ ካሮት እየከተፈ ያጎርሳል። አይጦቹን ያመጣለት በአንድ ቤተ ሙከራ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪው ነው። ሙከራው አልቆ ሊወገዱ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። «የተገለገልንባትን ነፍስ እንዲህ አናሰናብትም» ብሎ በካርቶን ተቀበላቸው። አንደኛዋን ሰኞ፣ ሁለተኛዋን ማክሰኞ አላቸው። ለምን ቢሉት፣ «የሰው ስም ባወጣላቸው ጎረቤት ይቀየመኛል፣ የመልአክ ባወጣላቸው እግዜር» አለ።

አከራይዋ ኻድራ የሰማች ዕለት ግቢው ተናወጠ።

«መዓሊን!» አለችው፤ በሶማሊኛ አስተማሪ ማለቷ ነው። «ሰው አይጥ ከቤት ያወጣል። አንተ ለአይጥ ቤት ትከራያለህ? ዋላሂ፣ አንተን ያስተማረ ሰው ይጠየቃል!»

እሱ አልተቆጣም። ገብታ እንድታይ ጋበዛት። ሰፊውን የሽቦ ቤት፣ ፀሐይም ነፋስም የማይደርስበትን ጥግ፣ በየሁለት ቀኑ የሚቀየረውን የተቀዳደደ ወረቀት አንድ በአንድ አስረዳት። ሰጋቱራ የማያነጥፍላቸው ሽታው ሳንባቸውን ስለሚጎዳ መሆኑን ነገራት። በጅራት ማንሣት ነውር መሆኑን ነገራት። ኻድራ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ወጣችና ለዘርፈሽ ሪፖርት አደረገች።

«አይጦቹ ንጹሕ ናቸው። ችግሩ እሱ ነው። ስገባ እጄን አስታጠበኝ፤ ስወጣ ደግሞ አስታጠበኝ። የመጀመሪያው ለእነሱ፣ ሁለተኛው ለአንቺ ነው አለኝ። እኔ የቤቱ ባለቤት!»

ክቡርነታቸው በሁለት አይጥ ብቻ ቢወሰኑ ማን ይጠላቸው ነበር? ሥልጣናቸው ግን መላ ሰፈሩን ያዳርሳል። ጫጩት በጠባብ ቅርጫት የተሸከመ መንገደኛ ያስቆማሉ። ርግብ ያለው ሰው ቤት ሳይጠሩ ይገባሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ሟች ገና ሳይቀበር፣ «የእሳቸው ዶሮዎች ዛሬ ውኃ ያገኙ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ጋሽ ወልደሥላሴ ብቻ ነው። «ዝም ያለ ሁሉ ደኅና አይደለም» ይላል። ትንሽ እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ያሳየ ይበላልና። ይህን ትምህርት ዘርፈሽ ከአባታችን ሆይ ይልቅ ደጋግማ ሰምታዋለች።

ሃምሳ አለቃ ትግሉ፣ የግቢው ሌላ ተከራይ፣ ሁለት ጥንቸሎች ገዝቶ በባዶ በርሜል አስቀመጣቸው። ጋሽ ወልደሥላሴ በርሜሉ አጠገብ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ቆርቆሮ ለብሰህ ፀሐይ ላይ ጠብቅ ቢሉህ ስንት ሰዓት ትችላለህ?»

«ትእዛዝ ከሆነ እስከ ማታ» አለ ትግሉ።

ጥንቸሎቹ ትእዛዝ አልደረሳቸውም፤ በሳምንቱ አንዷ ሞተች። ጋሽ ወልደሥላሴ «ነግሬህ ነበር» አላለም። አካፋ ይዞ መጥቶ ጉድጓዱን አብሮ ቆፈረ፤ የቀረችውንም ወደ ጥላ አዛወረ። ዘርፈሽን ያናደዳት ይኸው ነበር። ሰው ልክ ሲሆን ቢያንስ እንድንጠላው መኩራራት አለበት።

የጋሽ ወልደሥላሴ ሚስትና ልጆች በ2010 ክረምት አዳማ ሄደው በዚያው ቀሩ። እሱ እንጀራው እዚህ ስለነበር እዚህ ቀረ። ግድግዳው ስስ ነውና ዘርፈሽ ሲያወራ ትሰማዋለች፤ የትኛው ተማሪ ፈተና እንደ ወደቀ፣ የትኛው አባቱ እንደ ሞተ፣ ለሰኞና ለማክሰኞ ይነግራቸዋል። ሬዲዮዋን ከፍ ታደርግበታለች። ሰው ለአይጥ ሲያወራ መስማት ደስ አይልም፤ ሌላ የሚያወራለት እንደሌለ ማወቅ ደግሞ ይብሳል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአይጦቹ ግማሽ ኪሎ ስንዴ ይገዛል። ከመግዛቱ በፊት ጥያቄ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ጥያቄ።

«ዘርፈሽ፣ መድኃኒት ነክቶታል?»

«አልነካውም ጋሼ።»

«እነሱ ጥሬውን ነው የሚበሉት። ትንሽ ሆድ ትንሽ ስሕተት አይችልም።»

«አልነካውም አልኩ እኮ ጋሼ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቷን ነበር።

በ2016 ክረምት ስንዴው ነቀዘ። ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ የነቀዝ ኪኒን ገዝታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ጆንያው መሐል ቀብራ አፉን ሰፋች። የሸጠላት ሰው አሥር ቀን እንዳይከፈት፣ ከተከፈተም በኋላ በደንብ ሳይናፈስ እንዳይሸጥ ነግሯታል። በስድስተኛው ቀን ሌላው ስንዴ አለቀ፤ ገዢ ተሰልፏል። ከፈተችው። ቋጠሮው ተቀዶ ዱቄቱ ከእህሉ ጋር መደባለቁን አየች፤ የላይ የላዩን በእጇ ዘግና ጣለችና መመዘን ጀመረች። ሰው አጥቦ፣ አስጥቶ፣ አብስሎ አይደል የሚበላው?

ስድስተኛው ተሰላፊ ጋሽ ወልደሥላሴ ነበር። እፍኝ ስንዴ አንሥቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ዘርፈሽ፣ ይኼ ነገር መድኃኒት—»

«ማርያምን የለበትም!» አለችው። «ሰው እያስቆሙብኝ ነው ጋሼ!»

ከኋላው ምስርና ማሽላ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ይቅርታ ጠይቆ፣ ግማሽ ኪሎውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሱቋ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። በአንድ እጁ የስንዴውን ፌስታል ይዟል።

«ሰኞ ሞታለች» አለ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ዘርፈሽ ለዚህ ዜና የሚሆን ቀልድ አታጣም ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ቀረ። «አይጥ ናት እኮ» ልትል አፏን አዘጋጅታ ነበር፤ እሱ ግን ስለ አይጥ አላወራም።

«ከዚያ ጆንያ ለማን ለማን ሸጥሽ?»

እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ድምፁ ልዝብ፣ ዓይኑ ደረቅ። በጣቷ ቆጠረችለት፤ ከእሱ ሌላ አምስት ቤት። ነጠላዋን እንዳጣፋች ተከተለችው።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ዘርፈሽ ፈገግ አለችና «ሚዛን ተሳስቶብኝ ነው፣ ስንዴውን መልሱልኝ» አለች። መለሱላት። ወደ መንገድ ሲወጡ ክንዷን ያዛት።

«ተመለሽና መርዝ ነው በያቸው።»

«ጋሼ፣ ስሜ ይጠፋል።»

«የበላ ሰው ካለ ምን እንደ በላ ካላወቀ ሐኪሙ ምን ብሎ ያክመዋል?»

ተመልሳ ነገረቻቸው። ሁለተኛውም ቤት ነገረች። ሦስተኛው የባጃጅ ነጂው የዐብዲፈታህ ቤት ነበር። እናቱ ሀምሴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ታስመልሳለች፤ እነሱ ውኃው ነው ብለዋል። ዐብዲፈታህ ነገሩን እንደ ሰማ እናቱን ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ አስተኛት። ጋሽ ወልደሥላሴ የኪኒኑን ስም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተለትና «መጀመሪያ ይኼን አሳያቸው» አለው።

በአራተኛው ቤት የስንዴው ከረጢት ገና አልተፈታም ነበር። አምስተኛዋ ሙና ናት፤ ከሐረር ተመድባ የመጣች መምህርት፣ የስምንት ወር ልጅ እናት። በሩን ስትከፍት ልጅቷን አቅፋለች።

«ስንዴው? ለእሷ ገንፎ ብዬ ወፍጮ ቤት ልኬዋለሁ። ምነው?»

ዘርፈሽ መልስ መስጠቷን አታስታውስም። ወፍጮ ቤቱ ድረስ መሮጧን ግን ታስታውሳለች፤ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል። የሴቱ ሁሉ እህል በየከረጢቱ ተሰልፏል፤ የሙና ቢጫ ከረጢት ከፊት ሁለተኛ ነው። መብራቱ መጥቶ ቢሆን፣ ከኋላው የሚፈጨው ዱቄት ሁሉ ይበከል ነበር።

ወፍጮ ቤት ማለት የሰፈሩ ጉባኤ ነው። እዚያ የተነገረ ነገር እስከ ምሳ ከተማውን ያዳርሳል። ዘርፈሽ ቢጫውን ከረጢት አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ መርዝ ያለበት እህል መሸጧን ተናገረች። እያወቀች መሸጧንም ጨመረችበት። አንዲት ሴት ተራገመች። ሌላዋ ምራቋን ጢቅ አለች።

ሀምሴ ሦስት ቀን ተኝታ ተነሣች። እህሉ በጤና ባለሙያ ፊት ከከተማ ውጭ በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። የዘርፈሽ ሱቅ በር ከጧት እስከ ማታ ክፍት ሆኖ ይውላል፤ የሚገባበት ግን ነፋስና አቧራ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ወልደሥላሴ ክፍል ድረስ ሄደች። እጇን ሳይጠይቃት ታጠበች።

«ጋሼ፣ በማርያም ምዬ ዋሸሁዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ይቆጡኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?» አለ። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸቶኝ ነበር። የኪኒኑን ሽታ አውቀዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ። ስትምይልኝ አፍንጫዬን ትቼ አንቺን አመንኩ። በእጄ አጎረስኳት። ማክሰኞ የተረፈችው ያን ዕለት ምግብ ስላልፈለገች ነው።»

ዘርፈሽ ያኔ አለቀሰች። ሁለት ዓመት በጥያቄ ያሰለቻት ይህ ሰው፣ ሰፈሩ ውስጥ ስለ ሁሉም ቤት ድስት የሚጠይቅ ብቸኛው ሰው ነበር። ወደደችው፤ እንደ አባት፣ እንደ ነዝናዛ ታላቅ ወንድም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሽቦው ቤት ዞረች።

ማክሰኞ በሽቦው ጥግ ተኮራምታለች። ካሮቱ አልተነካም።

«ብቻዋን ሆና አታውቅም» አለ። «አይጥ ያለ ባልንጀራ አትኖርም። አዲስ እንዳላመጣላት አርጅታለች። እኔ ደግሞ ቀን ትምህርት ቤት ነኝ።»

«እኔ ጋ ትዋል» አለች ዘርፈሽ።

«የት?»

«ሱቅ።»

ክቡርነታቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጡት መመሪያ አጡ። ጧት ግን አሥራ ሁለት ነጥብ ያለው ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ።

እንዲህ ሆኖ የእህል መደብር ጠረጴዛ ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ የአይጥ ቤት ተቀመጠ። ኻድራ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! እሱ አንድ እብድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆናችሁ!» ገበያው እንደሁ ሄዷል፤ ከዚህ በላይ የሚባረር ሰው አልነበረም። ሰው የሌለበትን ቀን ለማክሰኞ እያወራች መዋል ለመደች፤ ስለ ነቀዝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጅነቷ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከእጇ መብላት ጀመረች።

ኪኒን መጠቀም ትታለች። ስንዴውን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ነፍታ፣ ለቅማ ትሸጣለች፤ ማለት፣ ገዢ ቢኖር። መጀመሪያ የመጣችው ሙና ናት፤ ልጅቷን አዝላ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ የሽቦውን ቤት አየች።

«አይጧን ቀማሽ አድርገሻታል አሉ» አለች። «ከየትኛው ጆንያ ነው የምትበላው? ከእሱ ስጪኝ።»

ዘርፈሽ ከአዲስ ጆንያ እፍኝ ጥሬ ስንዴ ዘገነች። ለማክሰኞ አልሰጠቻትም። ራሷ አፏ ውስጥ ከትታ መቆርጠም ያዘች፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። ውጣ ስትጨርስ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«እሷ ከሰዓት በኋላ ነው የምትበላው» አለች። «እኔ ደኅና ከዋልኩ።»

«ለአይጥ?» አለች ሙና።

«አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ።»

ሙና ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረች። ሁለት ኪሎ አስመዘነች።