ጨው የት እንዳለ የማያውቅ እንግዳ

ሕንፃ ሁሉ አንድ የስልክ መርማሪ አያጣም። ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ከተማ ላለው ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር አቶ ቶርስቲ ናቸው። ዕድሜያቸውን የስልክ መተግበሪያ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ለአንዱ ዓይነት ስልክ ለብቻው፣ ለሌላውም ዓይነት ለብቻው።

አሳንሰር ውስጥ ሰላምታ አያውቁም። “እስቲ ስልክሽን!” ይላሉ። አንዱን መተግበሪያ ከፍተው ዝርዝሩን በአውራ ጣታቸው ሽቅብ ይወረውሩና ዳር እስኪደርስ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔ ግጥም ስጽፍ እንኳ ለስንኝ መጨረሻ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

“አየሽ? ለዚሁ ስልክ የተሠራ የቤት ልጅ ቢሆን ዳር ሲደርስ ለጠጥ ብሎ ይመለስ ነበር። ይሄ ግን ግድግዳ የመታ ፍየል!”

አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁሉም ስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ለእሳቸው እንግዳ ነው። “በየቤቱ ይገባል፤ በየትኛውም ቤት ጨው የት እንዳለ አያውቅም!” አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ስልኩን ሲያሳያቸው “ይንተባተባል” ቢሉ፣ እናትየው ልጃቸው የተሰደበ መስሏቸው ሊጣሏቸው ነበር።

ዘንድሮ አስተዳዳሪያችን ሳይሚ የሕንፃውን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የሳውናን ተራ የምንይዝበትን መተግበሪያ በእንግዳው ለወጠችው። ምድር ቤት የሚኖሩት ዓይነ ስውሯ ወይዘሮ አውኔ የቅዳሜ ተራቸውን አጡ። ሳውና የሌለው ቅዳሜ ደግሞ ለእሳቸው ቅዳሜ አይደለም።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሳይሚ፣ “አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁሉም ስልክ! ምን ይጎድለዋል?” አለች።

ቶርስቲ ተነሡ።

“ጀመሩ ደግሞ!” አለ ከኋላ አንዱ።

እሳቸው ግን የተነካውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነበውን የአውኔን ስልክ ድምፅ ከፍ አድርገው መልሰው ሰጧቸው። አውኔ መተግበሪያው ላይ የተደረደሩትን የሳውና ሰዓቶች በጣታቸው ሲዳስሱ ስልኩ አነበበ፦ “ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።”

“ድሮ ሰዓቱን ይነግረኝ ነበር” አሉ አውኔ። “ልጆች፣ ቅዳሜዬ የትኛው ቁልፍ ውስጥ ነው?”



“ቁልፎቹን ስልኩ አልሠራቸውም” አሉ ቶርስቲ ቀስ ብለው። “እንግዳው ራሱ ሥሏቸው ነው የመጣው። ስማቸውን ካልነገረው ስልኩ ከየት አውቆ ያንብብ?”

ሳይሚ ፊቷ ቀላ፤ አስተካክለዋለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቶርስቲን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ፎጣ በትከሻቸው፣ ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር።

“ሳውና? በማክሰኞ? በጠዋት?” በእኛ ዘንድ ይህ የገናን በዓል በሐምሌ እንደ ማክበር ነው።

“የቅዳሜ ተራዬን ለአውኔ ሰጠኋት፤ መተግበሪያው እስኪስተካከል ነው። ለማንም እንዳትናገሪ!”

ዓይናቸው ኪሴ ላይ አረፈ። ሳይጠይቁኝ ስልኬን ዘረጋሁላቸው።