ከነአያቱ ስም የተጠራ ሕመምተኛ

ባል መቀየር መሥሪያ ቤት ከመቀየር ይቀላል! ተቆጣችሁ? ቆይ፣ ላስረዳችሁ። ባል ቢበዛ ቢበዛ አንዲት አማት ይዞ ነው የሚመጣው። አዲስ መሥሪያ ቤት ግን... ዘበኛው አማት፣ ጽዳቷ አማት፣ ካርድ ክፍሏ አማት፣ ግድግዳው ላይ የቆመው ሰዓት ሳይቀር አማት! ሁሉም "እዚህ ቤት እንዲህ አይደረግም" ሊልሽ አድፍጦ ይጠብቅሻል። ይህን የምለው ከልምድ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ማለቴ ነው፤ ባሌስ ያው አንዱ ነው።

በደርግ ጊዜ ተዘዋዋሪ ነርስ ነበርኩ። አንዷ ነርስ ስትወልድ፣ ሌላዋ ለትምህርት ስትላክ፣ ሦስተኛዋ ስትታመም (ነርስም ትታመማለች፣ አትገረሙ!) የጎደለውን ቦታ የምሞላው እኔ ነኝ። ሁለት ወር እዚህ፣ ሦስት ወር እዚያ፣ እንደ ማኅበር ጽዋ ስዞር ኖርኩ። የአንዱን ቤት ወግ ለመድኩ ስል የሌላው ይጀመራል።

ወደ አራዳ ከመላኬ በፊት አንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ወር ሠርቻለሁ። ኃላፊው ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ናቸው። በእሳቸው ቤት ሕመምተኛ የሚጠራው ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ከፊቱም "ጓድ" ተጨምሮበት ነው። የተጠራውም "አቤት!" ብሎ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ወገቡን ያመመው ሳይቀር! እኔንም "ጓድ ሲስተር፣ ድምፅሽ አነሰ! ከማሽኑ ማዶ ይሰማ!" ይሉኝ ነበር። ከማሽን ጋር ስጯጯህ ከርሜ፣ እናቴ ቤት "እስቲ ጨው አቀብሉኝ" ስል ጎረቤት ይደነግጥ ጀመር።

እንግዲህ በዚህ ድምፅና በዚህ ወግ ነው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የተላክሁት።

ካርድ ክፍሏን የሚያስተዳድሩት እትዬ ዘርፌ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ምላሳቸው ግን ገና ያልሸበተ ሴትዮ ነበሩ። ገና ከበሩ ስገባ ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ቆለሉልኝና፣ "ልጄ፣ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ላምጣ። እኔ እስክመለስ ሰው እንዳትጠሪ" ብለውኝ ወጡ።

እንዳትጠሪ? ሰዉ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ እያቃሰተ? እንዴት ያለ ዝርክርክ ቤት ነው! አልኩ በልቤ። ነጭ ጋውኔን አስተካከልኩ፣ ካርዶቹን ደረቴ ላይ አቀፍኩ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩና በፋብሪካው ድምፅ...

"ጓድ ወልደ ሰንበት አየለ ተድላ!"

ሰዉ ሁሉ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

"ጓድ ወልደ ሰንበት አየለ ተድላ! የለም?"

ከጥግ በኩል አንድ ሰው በአንድ እግሩ እያነከሰ ሲወጣ አየሁ። ሽንት ቤት ፈልጎ ነው ብዬ ወደ ሁለተኛው ካርድ አለፍኩ።

"ጓድ አሰለፈች በየነ ወርቁ!"

አንዲት ሴትዮ ብድግ ብላ፣ "ውይ! ድስት ጥጄ ነው እኮ የመጣሁት!" አለችና ውልቅ። ከአጠገቧ የነበረው፣ ጉንጩ ሙሉ ብርቱካን የጎረሰ የሚመስል ጥርሱን የታመመ ሰውዬ፣ "ለቀቀኝ! ተመስገን!" ብሎ ተከተላት። ሦስተኛውን ስም ስጠራ የሚሰማኝ አግዳሚው ብቻ ነበር። በሕክምና ታሪክ ያን ሁሉ ሰው ያለ ኪኒን ያለ መርፌ በአንድ አፍታ ያዳነ ሐኪም ካለ ይነገረኝ!

እትዬ ዘርፌ ቁልፍ ይዘው ሲመለሱ ግራ ገባቸው።

"ሰዉስ?"

"ተሻላቸው መሰለኝ... ሄዱ።"

"ምን ብለሽ ጠራሽ?"

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ከነአያታቸው? ከነ 'ጓዱ'? ከወረቀት ላይ እያነበብሽ? ልጄ... እዚህ ሰፈር በዚህ ዘመን እንደዚያ ተጠርቶ ለደግ ነገር የሄደ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

እኔ ሞኟ! ያኔ ነው የበራልኝ። ወረቀት ይዞ ሙሉ ስም የሚያነብ ሰው የሚመጣው ወይ ከቀበሌ ነው፣ ወይ ከዚያ ከባሰበት።

"ታዲያ እንዴት ነው የሚጠሩት?"

"በሚታወቁበት ነዋ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም? አራዳ ላይ መልአኩ ሥራ ፈትቷል፤ ስም የሚያወጣው ጎረቤት ነው። ያ ጠይም ሲሉት ቀይ፣ ቀይ ሲሉት ጠይም የሆነው 'ማኪያቶ' ነው። ያቺ ጠጅ ቤት የነበራት 'ባንኮኒ' ናት። እስቲ ሲያነክስ የወጣው የማን ካርድ ነው?" ብለው ተቀበሉኝና ካርዱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ውይ! ነገ ና!"

"እትዬ፣ እኔ ሴት ነኝ እኮ። ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋሁና ነው ነገ የምመጣው?"

"አንቺን አይደለም! ስሙ ነው! ጋሽ ነገ ና፣ ልብስ ሰፊው! ደንበኛ በመጣ ቁጥር 'ነገ ና' ስለሚሉ ነው። ስኳር በሽተኛ ናቸው፣ እግራቸው ቆስሏል። ሐኪሙ 'ይህ ቁስል በየቀኑ ካልታጠበ እግርዎን ይሰናበቱታል' ብሏቸዋል። የስፌት መኪናቸውን የሚረግጡበት እግር እኮ ነው፣ ልጄ! ያለ እሱ ምን ሰፍተው ይበላሉ?"

ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጡም። በማግሥቱም ረፋድ ድረስ ጠበቅኩ። የሉም። በሰው እግር የተጫወትኩ መሰለኝ። ሲረፍድ እትዬ ዘርፌን፣ "የት ነው የሚሠሩት? ልሂድ" አልኳቸው።

"ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ። ጋውንሽን አውልቂ። ወረቀት እንዳትይዢ። ደግሞ በእመቤቴ... 'ጓድ' እንዳትይ!"

ፋሻውን፣ የጨው ውሃውንና መርፌውን በዘንቢል ይዤ፣ ከላይ ጎመን ጣል አድርጌበት ቁልቁል ወረድኩ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪኖች በሰልፍ ይንጫጫሉ። ከፊት ያሉት፣ ቆብ የሚሰፉ አንድ የወሎ ሰው፣ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፣ ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ። እኔም በፈገግታ፣ "እንደምን አደሩ? ወልደ ሰንበት አየለ የሚባሉ..."

አፌን ሳልዘጋ መኪኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ! አያችሁ? "ጓድ"ን ስጠነቀቅ ስሙን ረሳሁት። ለምዶ የከረመ አፍ!

"እሱ ሰው ሞቷል፣ አላህ ይማረው" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ዓይናቸውን ከቆባቸው ሳያነሡ።

"ኧረ አገሩ ገብቷል!" አለ ከወዲያ ያለው ልብስ ሰፊ።

"ሞቶ ነው ወይስ አገሩ ገብቶ?"

ተያዩ።

"ሞቶ... አገሩ ገባ" አሉ ጋሽ ሰይድ።

ነፍስ ይማር ብዬ ልመለስ ስል ዓይኔ ከግድግዳው ጋ በተሰቀሉት ኮቶች ላይ አረፈ። ስድስት ኮት ተሰቅሏል። ከስድስቱ አንዱ እግር አለው! አንዱ እግር ጫማ ያደረገ፣ ሌላው በቆሸሸ ፋሻ የተጠቀለለ። ቀስ ብዬ ሄድኩና ከኮቱ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

"ጋሽ ነገ ና፣ የክሊኒኩ ነርስ ነኝ። እግርዎን ላጥብልዎ ነው የመጣሁት።"

ኮቱ ተናገረ።

"ይህን ስም ማን ነገረሽ?"

"እትዬ ዘርፌ።"

"ያ ዝርዝርስ?"

"የምን ዝርዝር? የሕመምተኛ ካርድ ነው!"

"ሦስት የቀበሌ ስብሰባ ቀርቼ... በሙሉ ስሜ ስትጠሪኝ፣ የስኳር ኩፖኔን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ነው እንጂ..."

አቤት የሰው ነገር! ስኳር እንዳይቀርባቸው የተደበቁት ስኳር በሽተኛ! ከኮቱ ኪስ በኩል አንድ ዓይን ብቅ አለችና፣ "ለልጆቹ ነው" አለችኝ።

"ይሁን፣ አሁን ይውጡ።"

"ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል። ነገ ነይ።"

"ጋሼ፣ ነገ የምመጣ ከሆነ መጋዝ ይዤ ነው!"

ኮቱ ወዲያው ሰው ሆነ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ፋሻውን ስፈታው ሳቄ እዚያው ቆመ። የቁስሉ ዳር መጥቆር ጀምሮ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ! በጨው ውሃው አጠብኩት፣ አሰርኩት፤ ኮቶቹን እንደ መጋረጃ ጋርጄ የስኳር መርፌያቸውን ወጋኋቸው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ፤ ያባረርኩዎ እኔ ነኝ" ስላቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ድምፅሽ ግን ድምፅ ነው! ጥሩምባ ቢጠፋ እድር አይቸገርም" አሉ።

ቀና ስል ከጀርባዬ ሰልፍ ተሠርቷል። ጋሽ ሰይድ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ "ደሜን ለኪልኝ" ይላሉ። ከኋላቸው ያ ጉንጩ ብርቱካን የመሰለው ሰውዬ ቆሟል። "ለቀቀኝ አላሉም ነበር?" ስለው፣ "መልሶ ያዘኝ" አለ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ተማርኩ። "ማኪያቶ ይግቡ! ባንኮኒ፣ ተራዎ ነው!" ስል አግዳሚው በሳቅ ይፈርሳል፤ የቀረ ሕመምተኛም አልነበረም። የጋሽ ነገ ና ቁስል ድኖ መኪናቸውን መርገጥ በጀመሩ ሰሞን የዝውውር ደብዳቤዬ መጣ። እትዬ ዘርፌ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ቀጣዩ ቤት ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ክሊኒክ ነበር። ምንጣፍ አለው! የክሊኒኩ ኃላፊ በሹክሹክታ፣ "እዚህ የሚታከሙት ባለሥልጣኖች ናቸው። በስም ብትጠሪያቸው ማዕረጋቸውን ትረሺና ጣጣ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የተራ ቁጥር ሰጥተናል፤ በቁጥር ብቻ ጥሪ" አለችኝ።

ይኼማ ምን ያቅታል? ስም የለ፣ ቅጽል የለ፣ ስህተት የለ! ድምፄን አለስልሼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በትሕትና ተጣራሁ።

"ቁጥር አንድ!"

ሶፋው ላይ የነበረው ባለሥልጣን ሁሉ "እኔ ነኝ!" ብሎ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።